ለአዲስ ገቢ በጆሮ የሚነገር

ጠጋ በሉማ። የምነግራችሁን የእድራችን ሊቀመንበር ብትሰማ ከጸሐፊነቴ ታነሳኛለች። ብታነሳኝም የትም አትደርስ፤ ያን ደብተር ከእኔ በቀር አንብቦ የሚጨርሰው የለም፤ ጽሕፈቴ ለሰው አይገባም።

ከአዲስ አበባ ወደ ትንሽ ከተማ የምትመጡ ሰዎች ሁላችሁም የምትሏት አንዲት ነገር አለች። «እዚህ ማንም አያውቀኝም።» ሐኪሙም ይላታል፣ መምህሩም ይላታል፣ ባንክ ቤት የተመደበችውም ልጅ ትላታለች። እኛ ቡታጅራዎች ይህን ስንሰማ ቡናችንን ፉት ብለን ዝም እንላለን። ዝም የምንለው ሳቃችን እንዳያመልጠን ነው።

ማንም አያውቀኝም? ፍራሻችሁ ከአይሱዙው ሳይወርድ እኮ እናውቃችኋለን!

ቤቱን ያገኘላችሁ ደላላ በስንት እንደተስማማችሁ ለባለሱቁ ነግሯል። ምስጢር የሚይዝ ደላላ ካያችሁ ሥራ የፈታ ነው። ዕቃ ያወረዱት ልጆች ፍሪጁን፣ ቴሌቪዥኑን፣ የመጽሐፉን ካርቶን ሳይቀር ቆጥረዋል። ሰፈሩ ግን ከዚያ ሁሉ ዕቃ የሚጠይቃቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ጀበና አላት?» ጀበና ካላችሁ ልትቆዩ ነው የመጣችሁት። የወረደው የኤሌክትሪክ ውሃ ማፍያ ብቻ ከሆነ «ዝውውር ጠብቃ የምትሄድ ናት» ይባልና ፋይላችሁ ይዘጋል። ቀጥሎ ሱቁ አለ። ጥሬ ቡና ገዛችሁ ወይስ የተፈጨ? የተፈጨ ቡና በፓኬት የገዛ ሰው ለሁለት ሳምንት ወሬ ይበቃናል። ባጃጁ ደግሞ የት እንዳወረዳችሁ ያውቃል፤ ለምን እንደሄዳችሁ ይገምታል፤ ግምቱ አድሮ እውነት ይሆናል።

ብቻዋን የምትኖር ሴት ከሆነች ጉዳዩ ይበረታል። በሯ ስንት ሰዓት ተዘጋ፣ ማን አንኳኳ፣ ያ የመጣው ወንድም ነው ወይስ «ወንድም» ነው? ብቻውን ለሚኖር ወንድ ማንም መስኮት አይከፍትም። እዚህ ላይ አንኮራም፤ እኔም በበኩሌ አንድ ሁለቴ መጋረጃ ገልጫለሁ።

መቁጠር ደግሞ በእኛ አገር የሐሜት ልማድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በሳይንስም ተቆጥረናል። ከ1979 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጤና ተመራማሪዎች ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራም የሚባል ሥራ ጀመሩ። ዘጠኝ የገጠር ቀበሌና አንድ የከተማ ቀበሌ መርጠው፣ መዝጋቢ ቤት ለቤት እየላኩ፣ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ከሌላ አገር መጥቶ ገባ፣ ማን ለቆ ወጣ እያሉ ጻፉ። ዓመት ከዓመት። በዚያ መዝገብ ስንት ሰው ዶክተር ተባለበት! ያ «ማን ገባ» የሚለው ዓምድ እናንተ ናችሁ። አዲስ ሰው መመዝገብ እዚህ አዲስ ነገር አይደለም። መዝጋቢዎቹ የሰፈራችንን እማማዎች ቢያማክሩ ኖሮ ግማሹን ጫማ ባልጨረሱት ነበር።

አሁን ድምፄን ዝቅ ላድርግ።

በመጣችሁ በሦስተኛው ወይ በአራተኛው ቀን አንድ ስልክ ይደወላል። ለእናንተ አይደለም። ወደ መርካቶ ነው።

ከትልቅ ከተማ ስለመጣችሁ እኛ የማናውቀውን ዓለም ይዛችሁ የመጣችሁ ይመስላችኋል። «አዲስ አበባ እኮ እንዲህ ነው፣ አዲስ አበባ እኮ እንዲያ ነው» ትሉናላችሁ። እኛም «እህ» እያልን እናዳምጣለን። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች! እስቲ ከሰፈራችን መርካቶ ወንድም ወይ አጎት የሌለው ቤት ፈልጋችሁ አምጡልኝ። በ1950ዎቹ አዲስ አበባ ያሉ የጉራጌ ተወላጆች ማኅበር አቋቁመው፣ ወደ አገራቸው መንገድ ለማስወጣት ከኪሳቸው ያዋጡ ነበር። በመስቀል ክርስቲያኑ፣ በአረፋ ሙስሊሙ መርካቶን ጭኖ ይመጣል። ጎፋንም፣ ኮልፌንም፣ ሳሪስንም በየዓመቱ በዓል ለበዓል ስንሰማቸው ኖረናል። እናንተ ስለ እኛ የምታውቁት ክትፎና በርበሬ ነው፤ እኛ ግን የሰፈራችሁን ታክሲ ተራ ሳይቀር እናውቃለን።

እና ስልኩ ይደወላል። «አጎቴ፣ አንዲት ልጅ መጥታለች፤ አባቷ ድሮ ጉምሩክ ነበሩ ትላለች።» ሁለት ቀን ይፈጃል። ከዚያ መልሱ ይመጣል። አባታችሁ እውነት ጉምሩክ እንደነበሩ፣ እናታችሁ በሰፈሩ እንዴት እንደሚወደዱ፣ አክስታችሁ ደግሞ… ዕቁብ በልታ መጥፋቷን። እናንተ የነገራችሁን ግማሹን ነው፤ ሌላው ግማሽ በስልክ ይሟላል። እኛ ግን የነገራችሁንን ብቻ እንዳወቅን ሆነን እንቀመጣለን። ጨዋዎች ነና።

«የማን ልጅ ነሽ?» ስትባሉ «የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ» ትላላችሁ። ይህ ለእኛ መልስ አይሆንም። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከአዲስ አበባ ነዋሪ ግማሽ ያህሉ ሌላ ቦታ ተወልዶ የገባ ነበር። ስለዚህ «ከዚያ በፊትስ?» እንላለን። ፊታችሁ ሲለዋወጥ አያለሁ። በዚህ ዘመን ይህ ጥያቄ ሰውን እንደሚያስደነግጥ ይገባኛል፤ ለክፉ የሚጠይቅም አይጠፋም፣ እሱን አልክድም። የቡና ላይ ሴቶች ግን የሚፈልጉት ሌላ ነው። ከእናንተ ዘመድ ጋር በየትኛው ልቅሶ ወይ በየትኛው ሰርግ እንደተገናኙ ነው የሚያስሱት። አንድ የሩቅ ስም ከተገኘ በቃ፣ «ኧረ ዘመዴ ነሽ!» ይባላል። ካልተገኘ ፍለጋው ይቀጥላል። ዓመት የፈጀ ፍለጋ አውቃለሁ።

የቋንቋውም ነገር እንደዚሁ ነው። ቡና ላይ ተቀምጣችሁ ጨዋታው ከአማርኛ ወደ መስቃንኛ ወይ ወደ ስልጥኛ ሲዞር ትደነግጣላችሁ። «ስለ እኔ ነው የሚያወሩት» ትላላችሁ። ልንገራችሁ? ከዐሥሩ ዘጠኙ ስለ በርበሬ ዋጋ ነው። የቀረው አንዱ… አዎ፣ ስለ እናንተ ነው። ስለ ጫማችሁ።

ይህ ሁሉ ግን ዳር ዳሩ ነው። ዋናውን ማንም የከተማችን ሰው ፊት ለፊት አይነግራችሁም። ውጭ የምናቆያችሁ በማስተናገድ ነው።

አዎ፣ በማስተናገድ! አስተውሉ። ስትጋበዙ የተሻለው ወንበር የእናንተ ነው። ክትፎው መጀመሪያ ወደ እናንተ ይመጣል። ቆጮው ስሱ ይመረጥላችኋል፤ አይቡና ጎመኑ ፊታችሁ ይደረደራል። እጅ የሚያስታጥብ ልጅ ማንቆርቆሪያ ይዞ ይጠብቃችኋል። «ልነሳ፣ ላግዝ» ስትሉ «ኧረ በሞቴ! ቁጭ በይ!» ይባላል። ቤታችሁ ገብታችሁ ለእናታችሁ ትደውላላችሁ፤ «ሰዉ እንዴት ደግ መሰለሽ!» ስልኩ ሲዘጋ ግን ሆዳችሁ ባር ባር ይላል። እንዲህ ተከብሬ ለምን ይከፋኛል ትላላችሁ።

ምክንያቱን እኔ አውቀዋለሁ። እንግዳ ጓዳ አይገባም። የእኛ ነገር ሁሉ ደግሞ ያለው ጓዳ ነው። ሳሎን የሚቀመጡት ወንዶች፣ ሽማግሌዎችና እናንተ ናችሁ፤ እዚያ የሚወራው የአየር ሁኔታና የመንግሥት ነገር ነው። ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ የማን ልጅ እንደታጨች፣ የማን ቤት ብድር እንደገባ የሚነገረው ሽንኩርት ሲከተፍ ነው። ስለዚህ ወንበርና ክትፎ አትቁጠሩ። ቢላ ነው የምትጠብቁት። አንዲት ሴትዮ ቀና ብላ ሳታያችሁ «እንኪ፣ ይቺን ክተፊ» ካለቻችሁ፣ ያን ቀን ለእናታችሁ ደውሉላቸው። ለወንዱ ደግሞ የድንኳን ገመድ ነው፤ «ያዝ እስቲ ይሄን» ተብሎ በስም ሳይጠራ ሲወረወርለት።

ከዚህ የምትቀጥለው የሰሃኗ ነገር ናት። ጎረቤታችሁ ትኩስ ዳቦ በሰሃን ይዛ መጣች እንበል። እናንተ ምን ታደርጋላችሁ? ማታውኑ ሰሃኑን አጥባችሁ፣ ላዩ ላይ ብስኩት አድርጋችሁ ትመልሳላችሁ። ጨዋነት መስሏችሁ! ጎረቤታችሁ በር ዘግታ ምን እንደምትል ልንገራችሁ? «ዕዳ አልፈልግም አለችኝ።» ሰሃኑ ይቆይ። ሁለት ሦስት ቀን መደርደሪያችሁ ላይ ይዋል። ልጅ ልካ «ሰሃኔን» ታስብል። ያኔ ይዛችሁ ሂዱ፤ ባዶውን አይሁን፤ ስትገቡም ቆማችሁ አታስረክቡ፤ ተቀመጡ።

ኮንዶሚኒየም ያደገ ሰው ይህ አይገባውም፤ አልፈርድበትም። ለጥበቃው ይከፍላል፣ ለጽዳቱ ይከፍላል፣ በሩን ይዘጋል፣ ማንም ምንም አይለውም። ነፃነት ነው፤ እኔም አንዳንዴ ያምረኛል። እዚህ ግን ከሰው ሁሉ ጋር ሒሳቡን የዘጋ ሰው ያስፈራናል። ነገ ሻንጣውን አንስቶ ቢሄድ ምን ይይዘዋል? ሰሃን እንኳ የለበትም!

ገበያውም ያው ነው። በርበሬ ስትገዙ የአዲስ አበባ ዋጋ ነው የሚጠራላችሁ፣ ይህን ታውቃላችሁ። ስለዚህ ክርክር ትለማመዳላችሁ፣ ድምፃችሁን ትቀይራላችሁ፣ አንዳንዶቻችሁ ሁለት ቃል መስቃንኛ ጣል ታደርጋላችሁ። ሻጯ በሆዷ ትስቃለች፤ ዋጋው ንቅንቅ አይልም። አቋራጩ ሌላ ነው። ለአከራያችሁ «እማማ፣ እኔ በርበሬ አላውቅም፤ የማረቆውን መርጠው ይግዙልኝ» በሉ። እማማ ያን ቀን አምስት ሰው አስቁመው «ለልጄ ነው የምገዛው» ይላሉ። ርካሽ ይገዛላችኋል፤ ከዚያ በላይ ግን ለእሳቸው ባለዕዳ ትሆናላችሁ። እማማም ለሰፈሩ ሁሉ የሚያወሩት አገኙ።

ሌላ የማንነግራችሁ ነገር ደግሞ አለ። ዓርብ።

አዲስ አበባ ከእኛ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ለእናንተ መልካም ዜና ይመስላችኋል። ዓርብ ከሥራ ወጥታችሁ፣ ትንሽ ሻንጣ ይዛችሁ፣ ኬላን፣ ቡኢን፣ ጢያን አልፋችሁ ማታ እናታችሁ ቤት ናችሁ። ሰኞ ጠዋት እንቅልፋችሁ ዓይናችሁ ላይ እንዳለ ትመለሳላችሁ። እኔ ግን የዚህ ቅርበት ነገር ነው የጎዳችሁ እላለሁ። ራቅ ያለ አገር የተመደበ ሰው ማምለጫ ስለሌለው ሳይወድ በግድ ይለምዳል። እናንተ ያላችሁት ከሰኞ እስከ ዓርብ ነው፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ደግሞ ከተማችን ውስጥ ምንም አይደረግም። ሰርጉ ቅዳሜ ነው፣ የእድር ስብሰባው እሑድ ነው፣ ሰንበቴው እሑድ ነው፣ የታመመ የሚጠየቀው እሑድ ከሰዓት ነው። ከተማዋ ስትከፈት እናንተ የላችሁም፤ ስትዘጋ ትመጡና «ዝግ ናት» ትላላችሁ። መናኸሪያ ያሉት ልጆች የማን ሻንጣ በየሳምንቱ እንደሚወጣ ያውቃሉ። አንድ ዓርብ ከቀራችሁ ቅዳሜ ጠዋት ሰፈሩ ይሰማል። «አልሄደችም እኮ!»

በሉ አሁን ደብተሬን ልክፈትላችሁ።

የሴቶች እድር ጸሐፊ ነኝ ብያችኋለሁ። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ፣ ሳህኑ፣ ሲኒው ሁሉ እኔ ዘንድ በመዝገብ አለ። አዲስ ገቢ ሁሉ «የመግቢያው ገንዘብ በዛ» ብሎ ያማርራል። ያን ዕቃ ሌሎች ለዓመታት አዋጥተው ነው የገዙት፤ አሁን የምትከፍሉት ድርሻችሁን ነው። ይህን በስብሰባ የሚያስረዳችሁ የለም፤ «ደንቡ ነው» ተብላችሁ ትሸኛላችሁ።

የባንኳን ልጅ ነገር የነገርኳችሁ መስሎኝ ነበር። የየትኛው ባንክ እንደሆነች ይቅር፣ ስሟም ይቅር። ክፉ ልጅ አይደለችም። ጎንበስ ብላ «እንደምን አደሩ» ትላለች፤ ሰላምታዋ ሙሉ ነው። እድር ያስገቧት አከራይዋ ናቸው። የመግቢያውን ባንዴ ከፈለች፤ ወርሃዊውን በቴሌብር ትልካለች፤ ቀን አታሳልፍም። ደብተሬ ላይ ከእሷ ስም የጠራ ስም አልነበረም።

ልቅሶ ላይ ግን የለችም። ስም ሲጠራ የለችም። ወጥ ሲሠራ፣ ሲታደር የለችም። ለቀረ ሰው ቅጣት አለን። እሷ ምን አደረገች መሰላችሁ? የዓመቱን ቅጣት አስልታ በአንድ ጊዜ ላከችልኝ! ከሥሩም በትሕትና «ለምቀርባቸው ቀናት» ብላ ጽፋበታለች።

ጉድ ፈላ! ኮሚቴው ለዚሁ ብቻ ተሰበሰበ። ሊቀመንበሯ «ሰው ሳይሞት ከፈለች እኮ!» ብላ ራሷን ያዘች። ገንዘብ ያዥዋ ብሩ ይመለስ ሲባል አልዋጥ አላት፤ ገንዘብ ያዥ ናትና። አንዷ «ደንቡ አይከለክልም» አለች። ሌላዋ «ደንቡን ስናወጣ እንዲህ ያለ ሰው ይመጣል ብለን መቼ አሰብን» አለች። እኔ ደግሞ ጭንቄ ሌላ ነው፤ ምን ብዬ ልመዝግበው? መዋጮ አይደለም። ቅጣት እንዳልል ገና አልቀረችም። በመጨረሻ «ልዩ ልዩ ገቢ» ብዬ ጻፍኩት። እስከ ዛሬም ልዩ ልዩ ነው።

ከዚያ አባቷ አረፉ፤ አዲስ አበባ። ለማንም ሳትናገር ሄዳ ቀበረች። ተመልሳ ጥቁር ለብሳ ሥራ ስትገባ ነው ያወቅነው። ከተማው ተቆጣ። አዘነ አላልኩም፤ ተቆጣ። አከራይዋ ሲገቡ ሲወጡ «ልቅሶ ነፈገችን!» ይላሉ። እሷ ማንንም ላለማስቸገር ነበር። እኛ ግን ሰው ሐዘኑን ሲደብቀን በራችንን ላያችን ላይ የዘጋብን ያህል ነው።

ለወላጅ ሞት እድሩ የሚሰጠው ገንዘብ አለ፤ ይዤላት ሄድኩ። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «እትዬ፣ እኔ አልተቸገርኩም፤ ለእድሩ ይሁን።» መልካም የተናገረች መስሏታል! ተመልሼ ለኮሚቴው ስነግር ገንዘብ ያዥዋ እንኳ ደስ አላላትም።

በማግሥቱ ከሥራ ስትመለስ ግቢው ሞልቷል። አከራይዋ ናቸው ያስገቡን። ፍራሽ ተነጥፏል፣ ከሰል ተያይዟል። ልጅቷ በሩ ላይ ደርቃ ቆመች፤ ከአፏ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «እኔ ያለኝ ሲኒ አራት ነው» የሚል ነበር። እማማ «ማን ሲኒ ጠየቀሽ፣ ነይ ቁጭ በይ» አሏት። የእድሩን ሲኒ በሳጥን ይዘን ነው የመጣነው። ንፍሮውም ዳቦውም ከየቤቱ ነው፤ ከሙስሊሙም ከክርስቲያኑም። አለቀሰች። እኛም አለቀስን፤ እውነቱን ለመናገር ብዙዎቻችን አባቷን አላየናቸውም፤ ያለቀስነው እያንዳንዳችን ለየራሳችን ሟች ነው። የእድሩን ገንዘብም በዚያው ተቀበለች። አስፈርሜያታለሁ።

በሚቀጥለው ልቅሶ መጣች። ለልቅሶ የማይሆን ጫማ አድርጋ፣ ግን መጣች። ጓዳ በር ላይ ስትንጠራወዝ አንዲት ሴትዮ ቀና ሳትል ቢላና ሽንኩርት ዘረጋችላት። አቤት አከታተፏ! ግማሹ የአውራ ጣት ያህል፣ ግማሹ ልጣጩ ላዩ ላይ። አሁንም የእሷን ድርሻ ዞር ስትል ደግመን እንከትፈዋለን። እሷ አታውቅም፤ አትንገሯት።

ስለ ደብተሩ አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህቺ በተለይ ሊቀመንበሯ ጋ እንዳትደርስ። የድሮውን መዝገብ፣ የመሥራቾቹን ማለቴ ነው፣ ብትገልጡት «የመጡበት» የሚል ዓምድ አለው። ቡታጅራ የሚል ፈልጋችሁ ትደክማላችሁ። ዛሬ «የከተማው ሰው» የምንባል ሁሉ እናታችን ወይ አያታችን ከሆነ ቦታ ዕቃዋን ጭና የመጣች ናት። የእድርን ታሪክ ያጠኑ ብዙዎቹም መነሻውን ሲከተሉ የሚደርሱት ከመቶ ዓመት ግድም በፊት ወደ አዲስ አበባ የገቡ ጉራጌዎች ዘንድ ነው፤ አገሩን ለቆ ከተማ የገባ፣ ቢሞት የሚቀብረው ዘመድ አጠገቡ የሌለው ሰው። እናንተን ደጅ የሚያስጠናችሁን ማኅበር የፈጠሩት የእናንተው ቢጤ ባይተዋሮች ናቸው። ሊቀመንበሯ ይህን ሳነሳ «የድሮ ነገር ምን ያደርግልሻል» ትለኛለች። የእናቷ ስም እዚያ ዓምድ ውስጥ ስላለ ነው።

ሁሉም ይገባል አልላችሁም። ሻንጣውን ሳይፈታ ዝውውሩ ደርሶት የሄደ ብዙ ነው፤ ሲሄድም «ሰዉ አይቀርብም» ብሎ ነው። እኛ በበኩላችን «ሰው አይቀርብም ነበር» እንላለን። ሁለታችንም ልክ ነን።

ግን እናንተ ሁልጊዜ የምትጠይቁኝ ስለ መግባት ነው። ስለ መውጣት የጠየቀኝ የለም። አንዴ ከገባችሁ እኮ እሑድ የሚባል ቀን የላችሁም! ጠዋት ሰንበቴ፣ ከዚያ የእድር ስብሰባ፣ ከዚያ የታመመች መጠየቅ፣ አንዱ ቤት ክርስትና፣ ሌላው ቤት ሰደቃ፣ ማታ ደግሞ ሰርግ ለደገሱ ሰዎች በርበሬ ቅንጠሳ። የባንኳ ልጅ በቅርቡ ወደ እኔ መጣች፤ ዙሪያዋን አይታ፣ በጆሮዬ፣ «እትዬ፣ አንድ እሑድ ብቻዬን ብተኛ እንዴት ነው የሚደረገው?» አለችኝ።

አስተማርኳት። አከራይዋ ግቢውን ከውጭ ይቆልፉታል፤ እሷ ውስጥ ትተኛለች። ለጠየቀ ሁሉ «አዲስ አበባ ሄዳለች» ይባላል። በእርግጥ የመናኸሪያ ልጆች እንዳልሄደች ያውቃሉ። ባጃጁም ያውቃል። ባለሱቁ ቅዳሜ ማታ እንቁላል ሸጦላታል። ሁሉም ያውቃል፤ ማንም ግን አያንኳኳም፤ ሰኞ ስትወጣ «እናትሽ ደኅና ናቸው?» ብለው ይጠይቋታል፤ እሷም «ደኅና ናቸው፣ ሰላም ብለዋችኋል» ትላለች።

እኔም መደበቂያ አለኝ። የት እንደሆነ ግን አልነግራችሁም፤ እናንተ ገና ሽንኩርት አልከተፋችሁም።